የ«ተሸናፊዎቹ» 45 ሰዓት

እስቲ ማንበብ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ግድግዳ አጠገብ ቁሙና አንድ እግራችሁን አንሱ። ቀላል ነው አይደል? አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። ብዙም ሳይቆይ ቁርጭምጭሚታችሁ ወዲህና ወዲያ ማለት ይጀምራል፤ እጃችሁም ሳታዙት ግድግዳውን ይፈልጋል።

ሰውነታችን ሳይወድቅ የሚቆመው ሦስት የመረጃ ምንጮችን ባንድ ላይ እያነበበ ነው። ዓይን አካባቢውን ያያል። የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ጭንቅላታችን ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል። በውስጥ እግራችን ቆዳ፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ነርቮች ደግሞ ከሥራችን ያለው መሬት ምን እንደሚመስል ያሳውቃሉ። አንጎል ሦስቱን ያስታርቅና ጡንቻዎችን ያዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ሳናስበው ነው። ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ከሦስቱ አንዱን ዘጋችሁበት፤ የተንገዳገዳችሁት ለዚህ ነው።

«ሚዛን» የሚለውን ቃል ለዕቃ መመዘኛም፣ ለሰውነት አለመውደቅም፣ ለከተማ ስምም እንጠቀምበታለን። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛዋን ግን አብሮ ይዞ ይሄዳል። ከሚዛን ተፈሪ (የዛሬዋ ሚዛን አማን) እስከ ቴፒ ያለውን አገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ብዙ ነው፤ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ቡናው ከጥላ ዛፍ ሥር ነው፤ እግር የሚያርፍበት መሬት የዛፍ ሥርና እርጥብ ቅጠል የለበሰ ነው። ለጤነኛ ወጣት እንኳ ያንሸራትታል። እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸውን አንድ ሽማግሌ አስቡ።

ዛሬ የማነሳላችሁ ጥያቄ ይህ ነው። «የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሥልጠና ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ ይልቅ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሰውነት ሚዛን ያሻሽላል» የሚሉ ጥናቶች ወጥተዋል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ለእኚያ ሽማግሌ ምን ይፈይድላቸዋል?

በመጀመሪያ፣ ፓርኪንሰን ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም የስድስት ሰዎችን ሁኔታ የሚገልጽ አጭር ድርሰት አሳተመ። ሰዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ወደፊት ያጎነብሳሉ፣ ሲራመዱ እርምጃቸው አጭርና የሚቻኮል ነው። ሕመሙ በኋላ በስሙ ተጠራ።

ዛሬ ምክንያቱን በከፊል እናውቃለን። በመሃል አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የምትባል ትንሽ ጠቆር ያለች ቦታ አለች። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታሉ። ዶፓሚን እንቅስቃሴን ለሚያለሰልሰው የአንጎል ክፍል እንደ ዘይት ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ቆየት ሲል ደግሞ የሰውነት ሚዛን ይጠፋል። ምልክቶቹ ለዓይን በሚታዩበት ጊዜ ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ቀድመው ሞተዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፓርኪንሰን ያለበት ሁሉ አይንቀጠቀጥም። አንዳንዱ ላይ ዝግታውና ግትርነቱ ብቻ ነው የሚታየው።

ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ይባላል። አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የብዙዎችን ሕይወት ቀይሯል፤ ዝግታንና ግትርነትን በደንብ ያቃልላል። የሰውነት ሚዛንን ግን ያን ያህል አያስተካክልም። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ እንቅስቃሴ ሥልጠና ያዞሩት ለዚህ ነው፤ ቨርቹዋል ሪያሊቲም (ከዚህ በኋላ ቪአር እንበለው) የመጣው በዚሁ በር ነው።

ጥናቱ ምን አለ?

ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት አንዱ በቻይና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ነው። 28 የፓርኪንሰን ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 14ቱ በቪአር ሠለጠኑ፤ 14ቱ የተለመደውን ፊዚዮቴራፒ ሠሩ። ሁለቱም ቡድኖች በቀን 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ12 ሳምንት ሠለጠኑ።

የተለኩት እንዲህ ነው። አንደኛው መለኪያ የበርግ ሚዛን መለኪያ ይባላል። ከወንበር መነሳት፣ ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ ከመሬት ዕቃ ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም የመሳሰሉ 14 ተግባራት አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሙሉው 56 ነው። ሌላው ደግሞ «ተነስቶ መሄድ» የሚባለው ነው። ሰውየው ከወንበር ይነሳል፣ 3 ሜትር ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሰዓት ይያዝበታል። ቀላል ይመስላል፤ መነሳት፣ መራመድ፣ መዞርና መቀመጥ ግን ፓርኪንሰን የሚያስቸግርባቸው አራቱ ነገሮች ናቸው።

ውጤቱ? ሁለቱም ቡድኖች በእነዚህ መለኪያዎች ተሻሻሉ፤ የቪአሩ ቡድን ግን የበለጠ ተሻሻለ። ከዚህ በኋላ ዜናው በራሱ እግር ሄደ፤ «ቪአር አሸነፈ» ተባለ።

ጥናቱ አንድ ትልቅ ጥንካሬ አለው፤ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ሰዓት ነው የሠሩት። አንዳንድ ጥናት አዲሱን ዘዴ ምንም ካልሠራ ሰው ጋር ያነጻጽርና «አዲሱ ይሻላል» ይላል። እንዲህ ከሆነ ምን ነገር እንደጠቀመ አይታወቅም። እነዚህ ግን ሥልጠናን ከሥልጠና ጋር ነው ያወዳደሩት። ሆኖም ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። በአንድ ቡድን 14 ሰው ማለት ያንድ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ እንኳ አይሞላም። ፓርኪንሰን ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓትና በሚያልቅበት ሰዓት አንድ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላል። ከ14ቱ ሁለት ሦስቱ መልካም ቀን ላይ ከተለኩ አማካዩ ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ሠልጣኙ ያውቃል። የመድኃኒት ሙከራ ላይ እውነተኛውንና የውሸቱን እንክብል አንድ ማስመሰል ይቻላል። ቪአርን ግን ከሰው መደበቅ አይቻልም። አዲስ መሣሪያ ሲያገኝ የማይጓጓ፣ ሲጓጓም ጠንክሮ የማይሠራ ማን አለ? ጉጉቱ ራሱ ይጠቅማል፤ ችግሩ ጉጉቱ ስንት ወር ይቆያል የሚለው ነው።

ሦስተኛና ዋናው፣ የተለካው ነጥብ ነው እንጂ ውድቀት አይደለም። የበርግ መለኪያ የሚሠራው ደረቅና ለጥ ያለ ወለል ላይ፣ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ ነው። በሕይወት የምንወድቀው ግን እንዲያ ባለ ቦታ አይደለም። ዕቃ ይዘን፣ እያወራን፣ በጨለማ፣ ጭቃ ላይ ነው። ነጥብ ተሻሻለ ማለት መውደቅ ቀነሰ ማለት ነው ብሎ መዝለል አይቻልም።

በዚህ ርዕስ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ የመዘነ አንድ ግምገማ አለ። ኮክሬን የሚባለው የሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። ስምንት ጥናቶች አገኘ፤ ተሳታፊዎቹ ሁሉም ተደምረው 263 ነበሩ። ድምዳሜውም ቁጥብ ነበር። ቪአር የእርምጃን ርዝመት ላጭር ጊዜ ያሻሽል ይሆናል፤ በሰውነት ሚዛንና በኑሮ ጥራት ግን ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ማስረጃውም ደካማ ነው አለ።

ውድቀትን የቆጠሩት

ታዲያ ውድቀትን ራሱን የቆጠረ ጥናት የለም? አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። በቤልጂየም፣ በእስራኤል፣ በጣሊያን፣ በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ 302 አረጋውያን ተሳተፉበት። ሁሉም ከጥናቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የወደቁ ናቸው፤ ብዙዎቹም ፓርኪንሰን ያለባቸው ነበሩ። ግማሾቹ ትሬድሚል (ቆመው የሚራመዱበት ማሽን) ላይ ብቻ ሠለጠኑ። የቀሩት በዚያው ማሽን ላይ እየተራመዱ ከፊታቸው ባለ ስክሪን ላይ የራሳቸው እግር እንቅፋት ሲሻገር፣ ኩሬ ሲዘል፣ መንገድ ሲመርጥ እያዩ ሠለጠኑ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት።

ከሥልጠናው በኋላ ለስድስት ወር ውድቀቶች ተቆጠሩ። ትሬድሚል ብቻ በሠሩት ዘንድ የውድቀቱ መጠን ከ10.7 ወደ 8.3 ገደማ ወረደ። ቪአር በተጨመረላቸው ዘንድ ከ11.9 ወደ 6 ወረደ። በግማሽ ያህል ማለት ነው።

ይህ ጠንካራ ውጤት ነው፤ ልናናንቀው አይገባም። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። መጀመሪያ፣ እዚህ ላይ «ቪአር» የተባለው ዓይን ላይ የሚደረግ መነጽር አይደለም። ስክሪንና እግርን የሚከታተል ካሜራ ነው። ሠልጣኞቹም እንዳይወድቁ ከላይ በተንጠለጠለ ቀበቶ ታስረው ነበር። «ቪአር» የሚለው ቃል እጅግ የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠራ፣ ያንዱን ጥናት ውጤት ወስዶ ሌላ መሣሪያ መሸጫ ማድረግ ቀላል ነው። ቀጥሎ፣ ለውጡን ያመጣው ምንድን ነው? ስዕሉ ነው ወይስ ስዕሉ ያሠራቸው ሥራ?

ስክሪኑ ሲነሳ የሚቀረው

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፐርደን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ አስገራሚ ነገር ጽፏል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ እየሄደ ሳለ ድንገት እግሩ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ቀጥ ሊልበት ይችላል፤ በተለይ በር ላይና ሲዞር። ወለሉ ላይ አግድም መስመሮች ብታሰምሩለት ግን መስመሩን እየተሻገረ ይሄዳል። ጉድ ነው፤ ግን ምክንያት አለው። ፓርኪንሰን የሚጎዳው «ሳናስብ» የምንራመድበትን የአንጎል መንገድ ነው። መስመሩ ሲኖር ሰውየው በዓይኑ እያየ፣ እያሰበ ይራመዳል፤ በሌላ መንገድ ዞሮ ይሄዳል ማለት ነው። ድምፅም እንዲሁ ያደርጋል፤ የተመጠነ ምት ሲሰሙ እርምጃቸው የሚስተካከልላቸው ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ የስክሪኑን ሥልጠና ፍቱት። ምን ይገኝበታል? የሚታይ ምልክት አለ። ቀስ በቀስ የሚከብድ ፈተና አለ። እግር እየተራመደ ጭንቅላት ሌላ ነገር እንዲያስብ ማድረግ አለ። «አሁን ነካህ፣ አሁን ተሻገርህ» የሚል ፈጣን መልስ አለ። ብዙ ድግግሞሽ አለ። መውደቅን የሚከለክል ቀበቶ፣ አጠገብ የሚቆም ባለሙያም አለ። ከእነዚህ ስድስት ነገሮች ውስጥ ኤሌክትሪክ የግድ የሚፈልገው የትኛው ነው?

መብራት የማይፈልግ ሥልጠና እንደሚሠራ ደግሞ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ 195 የፓርኪንሰን ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ፈትኗል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ወር የሠሩት ሰዎች ጡንቻ ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት የተሻለ ሚዛን ነበራቸው፤ ያነሰም ወደቁ። መሣሪያው የራሳቸው ሰውነትና አንድ አስተማሪ ነበር።

«እንግዲያማ ሁሉም ቤቱ ይሥራ» እንዳትሉ ግን። በአውስትራሊያ 231 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ሰዎች በአብዛኛው ቤታቸው፣ በጥቂት ክትትል እንዲሠሩ አደረገ። ሕመሙ ገና ቀላል በሆነባቸው ሰዎች ላይ ውድቀት በጣም ቀነሰ። ሕመሙ በጠናባቸው ላይ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም የመጨመር አዝማሚያ አሳየ። እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው ካልን መጠንና ተቆጣጣሪ ይፈልጋል ማለት ነው። የባለሙያው እጅ በስክሪን አይተካም፤ በመልካም ምኞትም አይተካም።

ቡናስ?

የቡና አገር ልጆች ስለሆናችሁ ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። «ቡና ከፓርኪንሰን ይከላከላል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መነሻ አለው። በሃዋይ 8,004 የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወንዶች ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲታተም፣ ቡና የማይጠጡት ሰዎች ብዙ ከሚጠጡት ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለሕመሙ ሲጋለጡ ታየ። ሌሎች ጥናቶችም በዚያው አቅጣጫ ሄደዋል።

ግን ይህ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ አይደለም። ቡና የሚጠጡና የማይጠጡ ሰዎች በሌላም ነገር ሊለያዩ ይችላሉ። ከሕመሙ በኋላ ካፌይን ይጠቅማል ወይ ተብሎ በዕጣ ሲፈተንስ? አንድ ትንሽ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቂት መሻሻል አሳየ፤ ተስፋ ተደረገበት። እ.ኤ.አ. በ2017 በ121 ሰዎች ላይ በተደገመ ጊዜ ግን እንቅስቃሴያቸውን አላሻሻለም። ትንሹ ጥናት ያበራውን ትልቁ አጠፋው። በ28 ሰው ላይ የተገኘን ውጤት ስናነብ ይህን ማስታወስ ደግ ነው። የጀበና ቡናችሁን ጠጡ፤ ለመድኃኒትነት ግን አትቁጠሩበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ ፓርኪንሰን ስንት ሰው ላይ አለ? ከጥንታዊዎቹ ጥናቶች አንዱ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ቤት ለቤት የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። 60,820 ሰዎች ታዩ፤ የፓርኪንሰን መጠን ከ100,000 ሰው 7 ሆኖ ተገኘ። በተጠናው ሕዝብ መካከል ወደ አራት ሰው ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ከአውሮፓው በብዙ ያንሳል። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፓርኪንሰን በዋናነት የዕድሜ ሕመም ነው፤ የእኛ ሕዝብ ደግሞ ወጣት ነው። አሁን ግን ሰው ዕድሜው እየረዘመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ፓርኪንሰን እንዳለበት ገምቷል፤ ቁጥሩም በ25 ዓመት ውስጥ በእጥፍ አድጓል። ይህ ማዕበል እኛን አልፎ አይሄድም።

ሌቮዶፓ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ይኸው ድርጅት ግን መድኃኒቱ በብዙ ድሃ አገሮች በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋም እንደማይገኝ ይናገራል። የአገራችን የነርቭ ሐኪሞች አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትም ስለ ሕመሙ ድምፅ ሲያሰማ ኖሯል። ሚዛን አማን የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አላት። ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። ግን ከአዲስ አበባ ሚዛን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አሁን የቻይናውን ጥናት እንደገና እናንብበው፤ በዚህ ጊዜ አሸናፊውን ሳይሆን ተሸናፊውን ቡድን እንመልከት። 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 12 ሳምንት። አባዙት። 60 ቀጠሮ፣ 45 ሰዓት ይሆናል። «ተሸነፈ» የተባለው ቡድን ከባለሙያ ጋር 45 ሰዓት ሠለጠነ፤ ተሻሻለም።

ከሸኮ ወይም ከጉራፈርዳ ገጠር የሚነሱ ሽማግሌ ይህን ቢያገኙ ምን እንደሚሰማቸው አስቡ። በክረምት ጭቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሦስት ወር፣ ባጃጅና ሚኒባስ እየተሳፈሩ ሚዛን መመላለስ አለባቸው። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ በቡና ለቀማ ወቅት እጁ ይፈለጋል። ለእሳቸው ጥያቄው «ቪአር ይሻላል ወይስ ፊዚዮቴራፒ?» አይደለም። ጥያቄው «ተሸናፊው ቡድን ያገኘውን እንኳ እንዴት ላግኝ?» ነው።

የእኔ ትችት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የቪአር ጥናቶች ውሸት አልተናገሩም። የሚመልሱት ጥያቄ ግን ፊዚዮቴራፒ አስቀድሞ ላለው አገር የሚሆን ነው። ከዚያ ጨምረን ምን እናግኝ ይላሉ። ያንን መልስ ነቅለን ሚዛን ላይ ብንተክለው የተለየ ነገር ይሆናል። መሣሪያው በእርዳታ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቻርጀሩ ሲበላሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ዓይንን የሚሸፍነው መነጽር ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የሌለ ነገር የሚታያቸውን አንዳንድ የፓርኪንሰን ሕሙማን ሊያደናግር ይችላል። መጀመሪያ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የሆናችሁትንም አትርሱ፤ መነጽር ያደረገ ሰው እውነተኛውን ወለል አያየውም።

«የድሃ አገር ልጅ ቴክኖሎጂ ምን ያደርግለታል» ማለቴ ግን አይደለም። እንዲህ ያለውን አነጋገር አልወደውም። ሥልጠናን ርቀው ላሉ ሰዎች ለማድረስ፣ እርምጃን በስልክ ለመለካት፣ ባለሙያው አዲስ አበባ ሆኖ ሚዛን ያለን ሰው ለማየት ቴክኖሎጂ ያስፈልገናል። የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። መጀመሪያ ሕመሙን የሚያውቅ ጤና ባለሙያ፤ ቀጥሎ ሳይቋረጥ የሚገኝ ሌቮዶፓ፤ ቀጥሎ አጠገብ ቆሞ የሚያሠለጥን ሰው። ስክሪኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ በጥናት ተፈትኖ ይምጣ።

የሚሠራ ሥራ አለ

ይህን የምታነቡ የሚዛን-ቴፒ ወይም የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ማንም ገና ያልመለሰው የሚመስለኝን አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። የላንሴቱን ሥልጠና ያለ ስክሪን መሥራት ይቻላል ወይ? ወለል ላይ በጠመኔ የተሰመሩ መስመሮች፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ የቀርከሃ ዘንጎች፣ የከበሮ ምት፣ እየተራመዱ ከመቶ ወደ ኋላ መቁጠር፣ ከበርጩማ መነሳትና መቀመጥ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶና ቀበቶውን የሚይዝ የሠለጠነ ሰው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ከዚያ ለስድስት ወር በየሳምንቱ ስልክ እየደወላችሁ ውድቀት ቁጠሩ፤ ነጥብ ሳይሆን ውድቀት። ማነጻጸሪያ ቡድን ይኑራችሁ፤ ክፍፍሉ በዕጣ ይሁን። በርጩማውን አታቃልሉት፤ የአውሮፓው መለኪያ ከወንበር መነሳትን ይለካል፤ የእኛ አገር ሰው የሚነሳው ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ነገር ነው። መለኪያውም አገሩን መምሰል አለበት።

ይሠራል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ላይሠራ ይችላል። ስክሪኑ ሌላ ነገር የማይሰጠው የራሱ ጥቅም እንዳለው ልታገኙ ትችላላችሁ። ያም ቢሆን መልስ ነው፤ ያኔ ስክሪኑን የምንጠይቀው ምክንያቱን አውቀን ይሆናል።

ተመራማሪ ላልሆናችሁት ደግሞ ከዚህ የቀለለ፣ ግን የማያንስ ሥራ አለ። ቤታችሁ ያሉትን አያቶች ተመልከቱ። ሲራመዱ አንዱ እጃቸው አይወዛወዝም? እርምጃቸው አጥሮ እግራቸውን መጎተት ጀምረዋል? ድምፃቸው ሳስቷል? ፊታቸው ሳይቆጡ የተቆጣ ይመስላል? የእጅ ጽሑፋቸው እየደቀቀ ሄዷል? ሲዞሩ እንደ ሐውልት ባንድ ላይ ነው የሚዞሩት? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ፓርኪንሰን ነው አያሰኝም፤ ብዙ ሌላ ምክንያት አለው። ብዙዎቹ ባንድነት ከታዩ ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ብቻቸውን በአንድ እግር ቁሙ ብላችሁ እንዳትፈትኗቸውም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሌላ ጊዜ «አዲሱ ቴክኖሎጂ ከተለመደው ሕክምና በለጠ» የሚል ዜና ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተለካው ምንድን ነው? የተለመደው ሕክምና የተባለውስ እኛ ዘንድ አለ ወይ? የሁለተኛው መልስ «የለም» ከሆነ፣ ከዚያ ጥናት ውስጥ ቀድመን ልንወስድ የሚገባን የተሸናፊዎቹን 45 ሰዓት ነው።